በእጅ የተሠራ ሲኒ በሜዳ እሳት ይተኮስ ወይስ በኪልን? የመጡት መልሶች ከነክርክራቸው

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዝቶ አዲስ የሚገባ ሰው መሃል ላይ እየጠፋ ስለሆነ፣ ከላይ ጀምሬ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ልጻፍላችሁ። አልፎ አልፎ የራሴን አስገባለሁ። ዝም ብዬ የማላልፋቸው መልሶች አሉ።

መነሻው

የሸክላ ሥራ ተማሪ ነኝ። የምኖረው አሸዋ ሜዳ፣ ወደ ቡራዩ መውጫው ላይ ነው። ትምህርት ቤት መሽከርከሪያ አለ፣ የኤሌክትሪክ ኪልን (ዝግ የሸክላ መተኮሻ ምድጃ) አለ፣ በወንፊት ተነፍቶ የተዘጋጀ ለስላሳ ጭቃም አለ። ከክፍል ውጪ ደግሞ ቀጨኔ አንዲት እናት ቤት እየሄድኩ እማራለሁ። እትዬ ነው የምላቸው። እሳቸው ጋ መሽከርከሪያ የለም። ጭቃውን ሰፊ ገል ላይ ያስቀምጡና ገሉን በግራ እጃቸው እያዞሩ በቀኛቸው ወደ ላይ ያወጡታል። ትልቅ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ዕቃውን ትተው እሳቸው ጎንበስ ብለው ይዞሩታል። የሚተኩሱት ግቢያቸው ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ በባህር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ ነው። ጭቃቸው ሻካራ ነው፤ ብዙ ሰዓት ሲያሹት እጅ ይልጣል።

በሁለቱም ጭቃ ሲኒ ሠራሁ። ቅርጹ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ፣ የደረቁትም ጎን ለጎን ነው። እትዬ ፈቅደውልኝ ከጀበናዎቻቸው ጋር አንድ እሳት ውስጥ ገቡ። የለስላሳው ጭቃ ሲኒዎች ገና እሳቱ ሳይጋጋል ጧ ጧ እያሉ ፈነዱ። የሻካራው ጭቃ ሲኒዎች ደህና ወጡ።

የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ለምን? ሁለተኛ፣ በሜዳ እሳት የተተኮሰና ግሌዝ ያልለበሰ ሲኒ ለዘወትር ቡና ይሆናል ወይስ የግድ ኪልን ገብቶ ያን መስታወት የሚመስል ሽፋን መልበስ አለበት? ከጥያቄው ሥር አንድ ነገር ጨምሬ ነበር፤ ጭቅጭቁን ያመጣውም እሱ ነው። እትዬ የሚያውቁት ነገር ባህል ተብሎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚታለፍ አይደለም አልኩ። የአፈር፣ የውሃና የእሳት ዕውቀት ነው። ክፍል ገብተው ሊያስተምሩን ይገባል፣ እንደ መምህርም ሊከፈላቸው ይገባል። አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

መልሶቹ

1. የመጀመሪያው ሰው አበረታታኝና ፎቶ ለጥፊ አለኝ። ለጠፍኩ።

2. ሁለተኛው ፍንዳታውን ያስረዳ ነው። ጭቃ በዓይን ሲያዩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ውሃ ይቀራል። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው 1,700 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። ለስላሳ ጭቃ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይበትነዋል። ኪልን ውስጥ ሙቀቱን ቀስ አድርጎ ማሳደግ ስለሚቻል ያው ጭቃ ላይፈነዳ ይችላል፤ የሜዳ እሳት ግን ጊዜ አይሰጥም አለ። በጣም ግልጽ ነበር።

3. ሦስተኛው 2ን ለማረም ነው የመጣው፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። የተባለው ግማሹ ነው፣ ሸክላ ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም አለ። አንደኛው በአየር የሚደርቀውና በ100 ዲግሪ አካባቢ ተኖ የሚያልቀው ነው። ሁለተኛው ከአፈሩ ማዕድን ጋር የተጣመረው ነው፤ እሱ የሚለቀው ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። እሱ ከወጣ በኋላ ዕቃው ውሃ ውስጥ ቢከርምም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። 573 ዲግሪ ላይ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ድንገት ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ድንገት ይሰበሰባል፤ ከእሳት ቶሎ የወጣ ዕቃ ጭው ብሎ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው አለ። ያለው ሁሉ ልክ ነው። 2ን ግን እንደዚያ መናገር አያስፈልገውም ነበር፤ የኔ ሲኒዎች የፈነዱት እሳቱ ገና ሲሞቅ ስለሆነ የ2 ማብራሪያ በቂ ነው።

4. ከክሩ ሁሉ የምወደው መልስ ይህ ነው። የጻፈችው እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪ የሆኑ፣ እንጦጦ ግርጌ ያደገች ልጅ ናት። ሻካራው ነገር አሸዋ አይደለም፣ ገል ነው አለች። የተሰበረ ምጣድ ወይም ድስት ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከአዲሱ አፈር ጋር ይቦካል። ገል አንዴ እሳት ስላየ ዳግመኛ አይኮማተርም። አዲሱ ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ በመጠኑ ከ8 እስከ 12 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ገል ሲገባበት ኩምትሩ ይቀንሳል፣ እንፋሎቱም በገሉ ጎን ጎን ሾልኮ ይወጣል።

ከዚያ ስለ ማድረቅ ጻፈች። እናቷ ዕቃውን ወደ እሳት ከመውሰዳቸው በፊት አንስተው ጉንጫቸው ላይ ያስደግፉታል። ከቀዘቀዘ ገና ውሃ እየተነነ ነውና ይመለሳል። ቅዝቃዜው ሲጠፋ ደርሷል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቀጥታ እሳት ውስጥ አይገባም። ትንሽ እሳት ተለኩሶ ዕቃዎቹ ዙሪያውን ይደረደራሉ፣ በጭሱና በወላፈኑ እስኪጠቁሩ ይሞቃሉ፣ በየተራ ይገለበጣሉ። ትልቁ እሳት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲወጣም በረጅም እንጨት ጫፍ፣ ገና ቀይ እንደሆነ። ሲበርድ በጣት ይንኳኳል፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ዓይን ባያየውም።

እትዬ ጉንጫቸው ላይ ሲያስነኩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ምን እንደሚያዳምጡ ጠይቄም አላውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ማድረቅ የተሰጠን ትምህርት ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው። የእሳቸው ቀን አይቆጥርም፣ ዕቃውን ይጠይቃል። ጭጋግ ባለበት ሳምንትና በጥቅምት ፀሐይ የሚደርቅ ዕቃ አንድ ዓይነት ቀን አይፈልግም።

5. አንድ ሰው ማንኛውም ገል ይሆናል ወይ ብሎ 4ን ጠየቀ። 6 ላይ መለሰች፦ ከሁሉ የሚመረጠው አሮጌ ምጣድ ነው፣ እሳት ስለለመደ። ቆርቆሮ የመሰለ የሚያብረቀርቅ የፋብሪካ ሳህን ስባሪ እንዳይገባ፤ ግሌዙ እሳት ውስጥ ይቀልጥና ዕቃውን ያበላሻል።

7 እና 8 ሰላምታና ምስጋና ናቸው።

9. እዚህ ላይ ነው ክሩ መሞቅ የጀመረው። በዚሁ ሙያ ተመርቄ የራሴ መሥሪያ ቤት አለኝ ያለ ሰው ነው የጻፈው። የሜዳ እሳት ብዙውን ጊዜ 900 ዲግሪን አይሻገርም፤ ስለዚህ የሚወጣው ዕቃ ውሃ የሚመጥ፣ ቶሎ የሚጎረድና ለንጽህና የማይመች ነው አለ። ቁም ነገር ያለው ሲኒ ከ1200 ዲግሪ በላይ የተተኮሰ፣ ድንጋይ የሆነና ግሌዝ የለበሰ ነው። ተማሪ ሆኖ ወደ ኋላ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ጨረሰ።

10. መልሱ ፈጣን ነበር። አንድ ሰው፣ እስኪ 1200 ዲግሪ የተተኮሰውን ጀበናህን ከሰል ላይ ጣደው አለው፤ አብሮም አንድ የፈረንጅ ሸክላ ድስት ምድጃ ላይ ለሁለት ሲከፈል እንዳየ ጻፈ። ጥቅጥቅ ያለ ዕቃ አንድ ጎኑ ብቻ በድንገት ሲግል መለጠጡን አይችለውም። የእናቶች ጀበና ግን ውስጡ በገልና በጥቃቅን ክፍተት የተሞላ ስለሆነ፣ ስንጥቅ ቢጀምር እንኳ ክፍተቱ ላይ ደርሶ ይቆማል። ከሰል ላይ በየቀኑ ሦስቴ የሚወጣ ጀበና የሚኖረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሻካራነቱ ድክመት አይደለም፣ ታስቦበት የተደረገ ነው አለ።

11. 9 ተመልሶ መጣ፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። እሳት ላይ ለሚጣድ ዕቃ የ10ን ነገር እቀበላለሁ አለ። ግን ሲኒ እሳት ላይ አይጣድም፣ ስለዚህ ለጀበና የሚሠራው ክርክር ለሲኒ አይሠራም። ይህ ነገር የጥያቄዬን ግማሽ መለሰልኝ። ጀበና በእትዬ ጭቃና በእትዬ እሳት፣ ሲኒ በኪልን። ሁለቱን ማወዳደር ያቆምኩት ከዚህ መልስ በኋላ ነው፤ የተሠሩበት ጉዳይ የተለያየ ነው።

12. ላብራቶሪ እንደምትሠራ የገለጸች ሴት ማስጠንቀቂያ ሰጠች፤ ሁላችሁም ልብ በሉት። ኪልንና ግሌዝ ሲባል ደህንነት የተረጋገጠ እንዳይመስላችሁ አለች። በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ግሌዝ ለማግኘት ከጥንት ጀምሮ እርሳስ ሲጨመርበት ኖሯል። እርሳስ ያለበት ሽፋን ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ጠጅ ሲነካው እየለቀቀ ምግቡ ውስጥ ይገባል፤ በልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ያልተጻፈበትን የግሌዝ ዱቄት ለምግብና ለመጠጥ ዕቃ አትቀቡ። ዱቄቱን ስታቦኩም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ደረቅ የሸክላ አቧራም ቢሆን ለሳንባ ጠላት ነው፤ መሥሪያ ቦታውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ።

13. ጠጅ የሚለው ቃል ሲነሳ ክሩ ሄደ። አንዱ ብርሌ ከመምጣቱ በፊት ጠጅ በምን ይጠጣ እንደነበር ጠየቀ፣ 14 በዋንጫ ነው አለው፣ 15 ደግሞ ጠላ በፕላስቲክ በርሜል ከተጠመቀ ወዲህ ጠላ የሚባል ነገር እንደሌለ በምሬት ጻፈ። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን የሚሰጠውን ጣዕም ፕላስቲክ ከየት ያመጣዋል ነው የሚለው። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም አልወጣም። ጭሱ የሚገባው ሸክላው ቀዳዳ ስላለው ነው። መልስ ቁጥር 9 ጉድለት ነው ያለው ነገር እዚህ ጋ ጥቅም ሆነ።

16. አንድ ተማሪ አዲስ ጀበና ገዝቶ የመጀመሪያው ቡና አፈር አፈር እንዳለው ጻፈ። 17 አላሟሸኸውማ አለችው። አተላና ውሃ ጨምረህ ደጋግመህ አፍላበት፣ ድፋው፣ እንደገና አፍላ፤ የቡናው ቅባት ቀዳዳውን እየሞላ ይሄዳል። ከዚያም በሳሙና እንዳታጥበው፤ የመጠጠውን ሳሙና ለሚቀጥለው ቡና ይመልስልሃል። ለግሌዝ አልባ ሲኒዬም የሚሠራው ይኸው ነው አለችኝ። በዚያ ላይ ከመድረቁ በፊት ፊቱን በለስላሳ ጠጠር አጥብቄ ባሸው ፊቱ ይጠቀጠቃል፣ ብዙም አይመጥም።

18. ስለ ምጣድ ማሟሻ ክርክር ተነሳ። ጎመን ዘር ተወቅጦ ነው የሚታሸው የሚሉና ዘይት ይበቃል የሚሉ ተከራከሩ። እስከ 21 ድረስ ቀጠለ። የጎመን ዘሩ ወገን አሸነፈ ማለት እችላለሁ፤ 20 ላይ የጻፉት እናት የሁለቱንም ምጣድ ፎቶ ጎን ለጎን ለጥፈው ነበርና።

22. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው አንድ ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የምንለው ሸክላ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሸክላ ሰሌዳ፣ ከሥሩ ቦይ ተቆፍሮለት፣ ቦዩ ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ተኝቶበት። ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፣ የሰፈር መብራት የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ሰሌዳው ሲሠራ ትንሽ ከተጣመመ እንጀራው አንድ ጎኑ ያርራል፣ ሌላው ጎን ሊጥ ይሆናል። ያን ያህል ስፋት ያለውን ነገር ሳይጣመም ማድረቅ ከጀበና በላይ ሙያ ይጠይቃል አለ። ከተማው ውስጥ ያለው የስንት ቤት ማዕድ በእነዚህ ሴቶች እጅ እንደሚያልፍ አስቡት።

23. ይህን መልስ አልደግመውም። ሸክላ ሠሪዎችን በድሮው ስድብ የተሳደበ ሰው ነበር፣ የዓይን ነገር ያነሳ። አስተዳዳሪው አነሳው፤ ልክ አደረገ።

24. የ4ዋ ልጅ መለሰች፣ በእርጋታ። ትምህርት ቤት እያለች የእናቷን ሥራ ስትጠየቅ ነጋዴ ናቸው ትል እንደነበር ጻፈች። ጎረቤት ጀበናውን ገዝቶ ቡናውን አብሮ እንደማይጠጣ፣ ልጅ ሲታመም ሰው በእናቷ በር ሲያልፍ ፊቱን እንደሚያዞር ጻፈች። እንጀራ የሚጋገርበትን የሚሠራ እጅ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ ሲደረግ መኖሩን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም አለች።

25. አንድ የታሪክ መምህር ከ24 ቀጥለው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውን አስታወሱ። ብረት የሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብ አገርን እጅ ያሳጣል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት መልስ ቁጥር 23 ዛሬም ይጻፋል። እኔ እዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነው። ስድቡን መተው ብቻ አይበቃም። ሰው ላለመስደብ ብሎ ዝም ሲል ሙያውም አብሮ ዝም ይባላል። እትዬ ጭቃ ውስጥ ስንት እጅ ገል እንደሚገባ የሚያውቁት ቀምሰው ይሁን ዳሰው፣ የጻፈው የለም።

26. ከጎንደር የመጣ ሰው ከከተማው አጠገብ ያለችውን የወለቃን መንደር አነሳ። ቤተ እስራኤል እናቶች ይሠሩት የነበረው የጥቁር ሸክላ ምስል፣ አንበሳውና እናትና ልጁ፣ ዛሬም መንገድ ዳር እንደሚሸጥ ጻፈ። ጥቁረቱ ቀለም አይደለም፤ እሳቱ ታፍኖ አየር ሲያጣ ጭሱ ሸክላው ውስጥ ገብቶ የሚቀረው ነው። አየር ካገኘ ግን አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ይቀላል። አንዱ አፈር ቀይም ጥቁርም ይወጣዋል።

27. ይህኛው ለእኔ የተጻፈ ነው፣ ከበድ ያለም ነው። አንቺ ተማሪዋ አለኝ። በስልክሽ እየቀረጽሽ፣ የገሉን መጠን እየጻፍሽ ትሄጃለሽ፣ ነገ በጥሩ መብራት ሥር መደርደሪያ ላይ ደርድረሽ ሴትየዋ ሳምንቱን ሙሉ የምታገኘውን በአንድ ሲኒ ትሸጪዋለሽ። በዕውቀት ይከፈል የምትይው ያኔ ይታያል። ብዙ ሰው ወደደው።

28 እና 29 ተከላከሉልኝ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን መከላከያ አያስፈልገኝም። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መመለስም ያለብኝ እኔ ነኝ። 30 ላይ የመለስኩት እንዲህ ነው። እትዬ ጋ የምማርበትን እንደ ማንኛውም ትምህርት እከፍላለሁ፣ ዋጋውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቪዲዮ የለኝም፣ አይወዱም። የምሸጠው ነገር ገና የለኝም፤ የሚኖረኝ ቀን በእሳቸው ጭቃ የተሠራው ላይ ከማን እንደተማርኩት ይጻፋል፣ ድርሻቸውም ከዋጋው ላይ ይነሳል። ይህን በቃል ሳይሆን በወረቀት ለማድረግ ከልጃቸው ጋር እየተነጋገርን ነው። 27 ተመልሶ አልጻፈም።

31. መርካቶ ሸክላ ተራ የሚነግድ ሰው በዋጋ ጉዳይ ጥሩ ነገር ተናገረ። ጀበና ርካሽ የሆነው ሥራው ቀላል ስለሆነ አይደለም አለ። እሳት ውስጥ የሚሰበረው፣ መንገድ ላይ የሚሰበረው፣ ተሸክመው አውርደው ሳይሸጥ የሚመለሰው ኪሳራ ሁሉ የሠሪዋ ነው። ነጋዴው የሚከፍለው ደህና ሆኖ እጁ ለገባው ብቻ ነው። አንድ ቀን ዝናብ የያዘው እሳት ሙሉ ሳምንት ይዞ ይሄዳል። ነጋዴ ሆኖ ይህን በግልጽ መጻፉ ደስ አለኝ። እኔ ትምህርት ቤት የፈነዳ ዕቃ ቢኖረኝ ሌላ እሠራለሁ፣ ማርክም አይቀነስብኝም። ለእትዬ የፈነዳ ጀበና የእራት ጉዳይ ነው። ለዚህም ነው ጉንጫቸውን የሚያምኑት፤ መሳሳት የማይችል ሰው ነው እንደዚያ ጠንቅቆ የሚያውቀው።

32. ከእንጦጦ ቅጠል ስለማምጣት የተነሳው ረጅም ነው። ቅጠል እንደ ድሮው እንደማይገኝ፣ ጭራሮ በሸክም እንደሚገዛ፣ ጭሱም ለጎረቤት እንዳስቸገረ ብዙ ሰው ጻፈ። አንዱ ለምን የጋራ ኪልን አይሠራላቸውም አለ። 33 ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው አለ፤ ኪልን ቢመጣ ጭቃውም መለወጥ አለበት፣ መብራት ሲጠፋ የግማሽ ቀን ሥራ ይበላሻል፣ በዚያ ላይ ማን ይከፍላል። በጡብ የተሠራ ቀላል የእንጨት ምድጃ ግን ቅጠሉን በግማሽ ሊያስቀር ይችላል ብሎ ሥዕል አያያዘ። ሥዕሉን ለእትዬ አሳየኋቸው። አፉ ጠበበ፣ ምጣድ በየት በኩል ይገባል አሉኝ። ልክ ናቸው፤ 33 ሊያስተካክለው ነው።

34. 9 እንደገና መጣ፣ በዚህ ጊዜ ለመርዳት። የእትዬን ጭቃ ኪልን ውስጥ ከተተሽ ግሌዝ ልታለብሺው ከፈለግሽ ከ1100 ዲግሪ አትለፊ አለኝ። ብረት የበዛበት ቀይ ሸክላ ከዚያ በላይ ብዙውን ጊዜ ይለዝባል፣ ያብጣል። ነጭ ጭቃ ከፈለግሽ ደግሞ ካኦሊን አለ፤ ጉጂ ቦምቦዋ የሚወጣው ሐዋሳ ላለው ታቦር ሴራሚክስ ሲገባ የኖረ ነው፣ ማጥናት የሚፈልግ ከዚያ ይጀምር አለ። የገሉን መጠን እየቀያየርኩ ትንንሽ ሰሌዳ ሠርቼ ኩምትሩን እንድለካም ነገረኝ፤ ርጥቡ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር ማስመር፣ ከተተኮሰ በኋላ መልሶ መለካት። ይህን ከእትዬ ጋር ጀምረነዋል። እሳቸው በእጃቸው ዳሰው መጠኑን ይናገራሉ፣ እኔ እመዝናለሁ። እስካሁን ያወጡት ጭቃ ሁሉ በክብደት ሲለካ እጅግ ተቀራራቢ ነው። ክፍል ውስጥ ይቁሙ ያልኩት ለዚህ ነው።

35. መምህር የሆነ ሰው፣ ዲግሪ የሌለውን ሰው ክፍል ማስገባት ደንቡ ይፈቅዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። የምር ጥያቄ ነው። 36 በእንግዳ ባለሙያ ስም የሚከፈልበት መንገድ ብዙ ቦታ እንዳለ ነገረው። እኔ የማልፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በበዓል ቀን ተጠርተው፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ለእንግዳ ጀበና ሠርተው አሳይተው እንዲመለሱ። መደበኛ ሰዓት፣ መደበኛ ክፍያ፣ ተማሪውም እንደ ሌላው ትምህርት ይፈተንበት። ለክፍሉ ደብዳቤ እየጻፍን ነው፣ መፈረም የምትፈልጉ ተማሪዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

37. መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ሲተኮስ መጥቼ ማየት እችላለሁ ወይ አለ። እትዬን ጠይቄያለሁ፣ ይቻላል ብለዋል። ቀኑን ግን አስቀድመው አይናገሩም፤ ጠዋት ሰማዩን አይተው ነው የሚወስኑት፣ ስለዚህ ማታ አልደውልላችሁም። የምትመጡ ከአራትና ከአምስት ሰው አትብለጡ። የናይለን ልብስ አትልበሱ፣ ወላፈኑ ሩቅ ይደርሳል። የማገዶውን አዋጡ። ሳትጠይቁ ስልክ አታውጡ። ሲጨርሱ ቡና አለ፤ ቆማችሁ እንዳትሄዱ፣ ተቀምጣችሁ ጠጡ።

የ33ን የጡብ ምድጃ ጉዳይ በሌላ ክር እከፍተዋለሁ፣ እዚህ እንዳይጠፋ።